ፊት የሌለው ሰዓት፦ የዱብሉቅ ኤላዎችና የቦረና ዘመን ቆጠራ

ዓፄ ኃይለ ሥላሴ በ1954 ስዊዘርላንድን ሲጎበኙ ከተበረከተላቸው ስጦታ መካከል አንድ የእጅ ሰዓት ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የሠራው የጄኔቫው ፓቴክ ፊሊፕ ነው፤ ሞዴሉ 2497 ይባላል፤ ቤቱ ወርቅ፣ ፊቱ ጥቁር ነው። ሰዓትና ደቂቃ ከመቁጠር አልፎ የሳምንቱን ቀን፣ የወሩን ቀን፣ ወሩንና የጨረቃን ሙላትና ጉድለት ያሳያል። ወሩ 30 ይሁን 31፣ ፌብሩዋሪ በ28 ይለቅ በ29 ሳይነግሩት ያውቃል። በ2015 ለጨረታ ሊቀርብ ሲል የባለቤትነት ጥያቄ ተነሥቶበት ተመለሰ፤ በ2017 ግን ጄኔቫ ላይ በክሪስቲስ አጫራችነት ከ2.5 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣ። እንዲህ ያለውን ሰዓት ለመግዛት አቅም የሌለው፣ እጁ ግን ሥራ የሚወድ ሰው በየአገሩ አለ። ባዶ ቤት ይገዛል፤ የታወቀውን ሰዓት የሚያስመስል ፊት ያዘጋጃል፤ ጠቋሚዎቹን ይመርጣል፤ ማሰሪያውን ራሱ ይሰፋል። ማሽኑን ግን አይሠራውም። ብዙውን ጊዜ የጃፓኑ ሴይኮ የሠራውን አምጥቶ ውስጡ ይገጥማል። ስለዚህ የቤት ሥራ የምንለው ሰዓት በአብዛኛው መልኩ ብቻ ነው የቤት፤ ልቡ ከሩቅ የመጣ ነው። በደቡብ ኢትዮጵያ በቦረና ምድር፣ ከያቤሎ ወደ ሜጋና ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ባለችው ዱብሉቅ ግን ነገሩ ተገልብጦ ይገኛል። እዚያ ፊት የለም፣ ጠቋሚ የለም፣ ወርቅም የለም። ቀንን፣ ወርን፣ ጨረቃንና ዓመትን አያይዞ የሚያስኬደውን ልብ ግን ሰዎቹ ራሳቸው ሠርተውታል። የቦረና ዘመን ቆጠራ እንደ ተረትና እንደ እምነት ከሚታይ ይልቅ እንደ ሙያ ሥራ፣ ሠሪና ጠጋኝ እንዳለው መሣሪያ ሊታይ ይገባዋል ብዬ እከራከራለሁ። ይህንን መሣሪያ አስፈላጊ ያደረገውም ሰማዩ ብቻ ሳይሆን የኤላው፣ ማለትም የጥልቁ የውኃ ጉድጓድ፣ ተራ ነው።

በቅንጡው ሰዓት ውስጥ ያለችው ጨረቃ እንዴት እንደምትዞር ማወቅ ለክርክሩ ይረዳል። ከፊቱ ሥር ሁለት ጨረቃ የተሣለባት ክብ ሳህን አለች፤ ጠርዟ 59 ጥርስ አለው። በቀን አንድ ጥርስ ትገፋለች፤ ዙሯን ስትጨርስ ሁለት የጨረቃ ወር አለቀ ማለት ነው፣ እያንዳንዱ 29 ቀን ተኩል። የእውነተኛዋ ጨረቃ ወር ግን ከዚህ በ44 ደቂቃ ያህል ይረዝማል። ልዩነቱ ኢምንት ቢመስልም ይጠራቀማል፤ ሁለት ዓመት ከሰባት ወር ገደማ ሲሆን ሰዓቱ ከሰማዩ አንድ ቀን ይቀድማል። ይህን ለማጥበብ 135 ጥርስ ያለው ማርሽ የሚገጥሙ አሉ፤ የእነርሱ ስሕተት አንድ ቀን የሚሞላው በ122 ዓመት ነው። ፓቴክ ፊሊፕ በ1898 ለሴት የአንገት ሰዓት የሠራውን ማሽን በ1925 ወደ እጅ ሰዓት አዛውሮ የመጀመሪያውን ዘላለማዊ ካሌንደር ያለው የእጅ ሰዓት ካወጣ ወዲህ ሙያው እጅግ ተራቅቋል። አንድ ነገር ግን አልተለወጠም፤ ሰዓቱ ሰማይን አያይም። የተሰጠውን ጥርስ ይቆጥራል እንጂ ጨረቃ ዛሬ ማታ የት እንዳለች አይጠይቅም። ከቆመ የሚያስተካክለው ሌላ ሰው፣ ሌላ ሰዓት ወይም ያው ሰማዩ ነው።

ወደ ዱብሉቅ እንምጣ። በመሐል ቦረና ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የለም፤ ዝናቡም በዓመት ሁለት ጊዜ አጭር አጭር ይመጣል፤ አንዳንዴም ይቀራል። በደረቁ ወራት ሰውና ከብት የሚተርፉት በቱላ ኤላዎች ነው። ቦረናዎች ዘጠኙ ቱላዎች ብለው የሚጠሯቸው የጥልቅ ጉድጓድ መንደሮች አሉ፤ ዱብሉቅ ከነዚህ አንዱ ነው፤ መልባና፣ ዌብ፣ ዳስና ጋዮም ከዘጠኙ ይቆጠራሉ። ጥልቀታቸው እስከ 30 ሜትር የሚደርስ አለ። ውኃው የሚወጣው በሰው ሰንሰለት ነው፤ ወጣቶች ከጉድጓዱ ግድግዳ ላይ ደረጃ በደረጃ ቆመው ኦኮሌ የሚባለውን መቅጃ ሙሉውን ወደ ላይ፣ ባዶውን ወደ ታች ይቀባበላሉ። ኦኮሌው ቀድሞ ከቀጭኔ ቆዳ ይሠራ ነበር፤ ዛሬ ፕላስቲክ ተተክቶበታል። እጅ ከእጅ እንዳይሳሳት ይዘፍናሉ፤ ለዚህ ነው ኤላዎቹን የውጭ ሰው የሚዘፍኑ ጉድጓዶች የሚላቸው። የወጣው ውኃ ፋቻና በሚባለው ማጠራቀሚያ አድርጎ ከብቱ ወደሚጠጣበት የጭቃ ገንዳ፣ ወደ ናኒጋ ይወርዳል። ይህ ሁሉ ጉልበት የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ የኤላው እውነተኛ ችግር ግን ጉልበቱ አይደለም፤ በአንድ ቀን የሚወጣው ውኃ ልክ ያለው ሆኖ ከብቱ ከዚያ መብለጡ ነው።

መፍትሔው ጊዜን መከፋፈል ሆነ። ከብት በደረቅ ወራት በየሦስተኛው ቀን ይጠጣል፤ በመሐል ባሉት ቀናት ሩቅ ሣር ወዳለበት ሄዶ ይመለሳል። ግመል ከዚህ እጅግ ለረዘመ ጊዜ ይቆያል። ስለዚህ አንድ መንጋ ኤላው ዘንድ የሚደርስበት ቀን ካለፈው ጥም፣ ከሣሩ ርቀትና ከሌሎቹ መንጋዎች ተራ ጋር መግጠም አለበት። ይህ የተራ ሥርዓት ሄረጋ ይባላል፤ በየቀኑ ማን እንደሚያጠጣ የሚወስነውና ሥራውን የሚያስተባብረው አባ ሄረጋ ነው። ኤላውን በመጀመሪያ ያስቆፈረው ሰው ዘር አባ ኮንፊ ሆኖ ቅድሚያ ያገኛል፤ ሌላው እንደ ጎሣው ቅርበትና በቁፋሮና በጥገና እንደ ሰጠው ጉልበት ይሰለፋል። ቦረና ውኃን ለተጠማ ፈጽሞ አይከለክልም፤ ተራን ግን በብርቱ ይጠብቃል። ተራውን ያፈረሰ በኤላው ጉባኤ ፊት ቆሞ ይቀጣል። እዚህ ላይ ጊዜ የሚለካው ለመለካት ያህል አይደለም። አንድ ቀን ያሳሳተ ቆጣሪ የአንዱን መንጋ ከሌላው መንጋ ጋር ናኒጋው ላይ ያጋጫል።

ይህን ሲሰማ አንባቢ አንድ ተቃውሞ ሊያነሣ ይችላል፦ ይህማ ካሌንደር ነው፣ ሰዓት ምን አመጣው? ተቃውሞው ግማሽ እውነት አለው። ቦረና ደቂቃ አልቆጠረም፤ ቀኑንም በፀሐይ ከፍታና በከብቱ መውጫና መግቢያ ይከፍለዋል። ግን የአውሮፓም ሰዓት ታሪክ የደቂቃ ታሪክ ሆኖ አልጀመረም፤ የገዳም ጸሎት ጊዜ ማስጠበቂያ ሆኖ ነው የጀመረው፤ የደቂቃ ጠቋሚ የተለመደው ብዙ ቆይቶ ነው። መሣሪያ የሚለካው ማኅበረሰቡ የሚያካፍለውን ነገር ነው። ባቡር ያለው አገር ደቂቃ ያካፍላል፤ ዱብሉቅ ቀን ያካፍላል። የፓቴክ ፊሊፕን ሞዴል 2497 ከተራ ሰዓት የለየውም ደቂቃው ሳይሆን ቀኑ፣ ወሩና ጨረቃው ነው። ቦረና የሠራው ያንኑ ውድ የሆነውን ክፍል ነው።

አሁን ልቡን ከፍተን እንየው። የቦረና ወር የጨረቃ ወር ነው፤ 29 ወይም 30 ቀን አለው። አሥራ ሁለቱ ወራት ቢቶቴሳ፣ ጫምሳ፣ ቡፋ እያሉ ይቀጥላሉ፤ ድምራቸው 354 ቀን ነው። ቀናቱ ግን ከአንድ እስከ ሠላሳ አይቆጠሩም፤ በስም ይጠራሉ፤ ስሞቹም 27 ናቸው። ሶርሳ፣ አልገጂማ፣ አርብ፣ ዋላ፣ በሳ ዱራ፣ በሳ በሎ እየተባለ ዙሩ ሲያልቅ እንደገና ይጀምራል። ወሩ ከስሞቹ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ስለሚተርፍ፣ ያለፈው ወር በአንድ ስም ከጀመረ የሚቀጥለው በዚያው ስም አይጀምርም፤ ሁለት ሦስት ስም ይገፋል። በመጀመሪያ ሲያዩት ግራ የሚያጋባ ትርፍ ነገር ይመስላል። ሰማዩን ላወቀ ግን ሚስጥሩ ወዲያው ይገለጣል። ጨረቃ ከአዲስ ጨረቃ እስከ አዲስ ጨረቃ 29 ቀን ተኩል ይፈጅባታል፤ ከአንድ ኮከብ አጠገብ ተነሥታ ወደዚያው ኮከብ ለመመለስ ግን 27 ቀን ከሩብ ገደማ ይበቃታል። እነዚህ ሁለት ዙሮች አይገጣጠሙም፤ ልዩነታቸው ሁለት ቀን ከምናምን ነው። ቦረና ሁለቱንም ይዟቸዋል፤ አንዱን በወር፣ ሌላውን በቀን ስም። ሁለት መጠናቸው የተለያየ ማርሽ ጎን ለጎን ሲሄዱ የአንዱ ጥርስ በሌላው ላይ እየተንሸራተተ የሚሰጠው መረጃ፣ ጨረቃ ምን ያህል እንደ ሞላችና በየትኛው ኮከብ አጠገብ እንዳለች፣ በአንድነት ወሩ የትኛው እንደሆነ ይናገራል። ይህን የሚያነቡት አያንቱ የሚባሉት ባለሙያዎች ናቸው፤ ሰማዩንም በቃል ትምህርት ያውቁታል። የሚከታተሏቸው ከዋክብት ሰባት ናቸው፦ ለሚ፣ ቡሳን፣ በቃልቻ፣ አልገጂማ፣ አርብ ገዱ፣ ዋላና በሳ። በሳ ከሰማይ ከዋክብት ሁሉ የደመቀው ሲሪየስ ነው፤ አርብ ገዱ በኦሪዮን ውስጥ ይገኛል።

ይህንን ለዓለም ያስተዋወቀው አንትሮፖሎጂስቱ አስመሮም ለገሠ ነው፤ በ1973 ባሳተመው ገዳን የሚመለከት መጽሐፉ። ከታወቀው የቃል ታሪክ አዋቂ ከአሬሮ ረማታ ጋር ሠርቷል። በአስመሮም አገላለጽ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት የሚታወቁት አዲስ ጨረቃ ከነዚህ ከዋክብት ጋር በተራ ስትገናኝ ነው፤ የቀሩት ስድስት ወራት ደግሞ ለሚ ከተለያየ የጨረቃ መጠን ጋር ስትታይ ይለያሉ። መጽሐፉ ከወጣ በኋላ ነገሩ ወደ ክርክር ገባ። በ1978 ሊንችና ሮቢንስ በሳይንስ መጽሔት ላይ በቱርካና ሐይቅ አካባቢ ናሞራቱንጋ በሚባል ቦታ የቆሙ 19 የድንጋይ ዓምዶች ወደ ቦረና ከዋክብት እንደሚያመለክቱና ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት አካባቢ እንደተተከሉ ጻፉ። ይህ ወሬ እስከ ዛሬ በብዙ ጽሑፍ ይደገማል፤ እኔ ግን ቢቀር እመርጣለሁ። ድንጋዮቹ ራሳቸው ኮምፓስ የሚያስቱ መሆናቸውን ሶፐር በ1982 ጠቁሟል። በሐይቁ ምዕራብ ባሉ መሰል ዓምዶች ላይ በኋላ የተደረገ ጥናትም ዕድሜያቸውን ወደ 4 ሺሕና 5 ሺሕ ዓመት ወስዶታል። የቦረና ቆጠራ ክብር እንዲያገኝ የግድ ከድንጋይ ጋር መታሠር የለበትም። ክብሩ በሥራው ነው።

ከባዱ ተቃውሞ የመጣው ከሥነ ፈለክ ሰዎች ነው። ዶይል በ1986 የአስመሮምን አገላለጽ በሌላ መንገድ ተረጎመው፤ በዓመቱ ራግልስ ችግሮቹን ዘረዘረ፤ ባሲ ደግሞ በ1988 ከቦረና የሰበሰበውን ማስታወሻ አቀረበ። የችግሩን ፍሬ ማንም በቀላሉ ሊያሰላው ይችላል። ጨረቃ በስድስት ወር የምትደርስባቸው አዲስ ጨረቃዎች የሰማዩን ግማሽ፣ ማለትም 180 ዲግሪ ያካልላሉ። ከለሚ እስከ በሳ ያለው ርቀት ግን 70 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። አልገጂማ፣ አርብና ዋላማ ጎን ለጎን ናቸው ማለት ይቻላል። ስለዚህ በየወሩ አንድ ኮከብ የሚለው ቀላል ንባብ አይሠራም። ከዚህ ተነሥቶ ሥርዓቱ ሁሉ ልብ ወለድ ነው ማለት ግን ችኮላ ነው። የቀናቱን ስም እንደገና እንመልከት። አልገጂማ፣ አርብ፣ ዋላ፣ በሳ የከዋክብት ስም ብቻ አይደሉም፤ ተከታትለው የሚመጡ የቀን ስሞችም ናቸው። ጨረቃ በአንድ ቀን 13 ዲግሪ ያህል ትጓዛለች፤ በአምስት ቀን 66። ይህ ከለሚ እስከ በሳ ካለው ርቀት ጋር የሚቀራረብ ቁጥር ነው። ለስድስት ወር ያልበቃው የሰማይ ቁራጭ ለአምስትና ስድስት ቀን ይበቃል። የቀኖቹ ስም ጨረቃ ማታ ማታ በየትኛው ኮከብ አጠገብ እንደምታልፍ ይይዛል፤ የወሩ ማንነት ደግሞ ያን ጊዜ ጨረቃዋ ምን ያህል እንደ ሞላች ይታወቃል። በእኔ ግምት የአስመሮም ገለጻ የተሳሳተው ሁለቱን ዙሮች ስላደባለቃቸው ነው፤ ሠሪዎቹ ግን አልተሳሳቱም።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የአሥራ አንዱ ቀን ነው። 354 ቀን ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ይጎድላል። ባሕረ ሐሳብን የተማረ አንባቢ ይህን ቁጥር ያውቀዋል፤ አበቅቴ በየዓመቱ በ11 እያደገ፣ 30 ሲያልፍ እየተገደፈ፣ በ19 ዓመት ዙር የሚሽከረከረው ለዚሁ ነው። ቤተ ክርስቲያን ችግሩን በሒሳብ ፈታችው፤ መምህሩ ቤቱ ተቀምጦ፣ ደመና ሰማዩን ቢሸፍነውም የሚመጣውን ፋሲካ ያወጣል። ቦረና በዓይን ፈታው፤ አያንቱው ኮከቡንና ጨረቃውን አይቶ ወሩ ቀድሞ ከሆነ ይመልሰዋል። እርግጥ እንዲህ ማድረጋቸውን በምን እናውቃለን? አንድ ማስረጃ በገዳ ሥልጣን ርክክብ ውስጥ አለ። አባ ገዳ በየስምንት ዓመቱ ይቀያየራል። ጃልዴሳ ሊበን በ1960 ያዘ፤ ጎባ ቡሌ በ1968፤ ጂሎ አጋ በ1976፤ ቦሩ ጉዮ በ1984፤ ቦሩ መዳ በ1992፤ ሊበን ጃልዴሳ በ2000፤ ከእርሱ በኋላ ጉዮ ጎባ፤ ኩራ ጃርሶ በ2017፤ ጉዮ ቦሩ በ2025። ከ1960ው በኋላ ስምንት ርክክብ፣ 64 የቦረና ዓመት። ዓመቱ ሁልጊዜ 354 ቀን ብቻ ቢሆን ኖሮ 64 ዓመት በፀሐይ አቆጣጠር 62 ዓመት ብቻ ይሆን ነበር፤ የመጨረሻውም ርክክብ ወደ 2022 ይንሸራተት ነበር። አልተንሸራተተም። ይልቁንም አንድ ዓመት ያህል ዘግይቷል። ስለዚህ የሚያስተካክል እጅ አለ። አንዳንዱ ርክክቡ የሚወሰነው በድርቅ፣ በጸጥታና በመንግሥት ፈቃድ ነው ሊል ይችላል፤ እነዚህ ጥቂት ወራት ሊያዘገዩ ይችላሉ፤ በየዓመቱ 11 ቀን የሚሸሽን ዓመት ለስድሳ ዓመት መልሶ ማቆየት ግን ድርቅም ፖለቲካም አይችልም። ሌላው ደግሞ ዛሬ የመንግሥትን ካሌንደር ስለሚያዩ ነው ይላል። ግን ቦረና ኩራ ጃርሶን 71ኛው አባ ገዳ ብሎ ነው የሚቆጥረው፤ የአስመሮም የገዳ ዝርዝርም ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ካሌንደር ቦረና ከመግባቱ ብዙ ቀድሞ ይጀምራል፤ ርቀቱም ስምንት ስምንት ዓመት ነው።

ይህ የስምንት ዓመት ዙር ከኤላው የተለየ አይደለም። በገዳው ዘመን እኩሌታ ሕግ የሚታይበትና የሚሻሻልበት ጉሚ ጋዮ የሚሰበሰበው በጋዮ ነው፤ ጋዮም ከዘጠኙ ቱላዎች አንዱ ነው። ብዙ ሺሕ ሰውና መንጋው በአንድ ቦታ ሲገናኝ ውኃ የሚያበቃ ሌላ የት ይገኛል? የኤላው ተራ በሦስት ቀን፣ ወሩ በጨረቃ፣ ገዳው በስምንት ዓመት ይዞራል፤ ትንሹ ዙር የትልቁን ዙር መገናኛ ቦታ ይወስናል። በእጅ ላይ የሚታሠር ነገርም አልጠፋም፦ ለሥርዓት የታረደ ከብት ቆዳ ቁራጭ፣ ሜዲቻ፣ በተሳታፊው እጅ ላይ ይታሠራል። ሰዓት አይናገርም፤ ሥርዓቱ መፈጸሙን ግን ላየው ሁሉ ይመሰክራል።

ሌላው ተቃውሞ የቤት ሥራ የሚለውን ቃሌን ይመለከታል። ሰማይን በ27 ወይም በ28 የጨረቃ ማረፊያ መክፈል በሕንድም በዓረብም ጥንታዊ ነው፤ የቀይ ባሕርና የሕንድ ውቅያኖስ ንግድ ሐሳቡን ወደ አፍሪካ ቀንድ ሊያመጣው ይችላል፤ ታዲያ ቦረና ቢወስደው ምን ብርቅ ነው? መውሰዱ ቢረጋገጥ እንኳ ክርክሬ አይናጋም፤ እንዲያውም ይጠነክራል። ከቅንጡ ሰዓት መልክ የወሰደ ሰው ማሽኑን ገዝቶ ይገጥማል፤ ቦረና ግን ሐሳብ ወስዶ ከሆነ ማሽኑን ከራሱ ከዋክብት፣ ከራሱ ቀን ስሞችና ከራሱ ሥልጣን ዘመን ጋር እንደገና ሠርቶታል። ጎረቤቱን ገብራን መመልከት ይበቃል። ገብራ የቦረናን ቋንቋ ይናገራል፣ ከቦረና ጋር ብዙ ሥርዓት ይጋራል፤ ሽሌ በ1989 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው ግን ገብራን ጨምሮ ግመል አርቢዎቹ ሕዝቦች የሚጠቀሙት 365 ቀን ያለውን ዓመትና የሰባት ዓመት ዙርን ነው። አንድ ምድር፣ አንድ ሰማይ፣ ሁለት የተለያየ መሣሪያ። የግመሉ ጥምና የከብቱ ጥም አንድ ባለመሆኑ ይህ አያስደንቀኝም፤ ምክንያቱ ይኸው ብቻ ነው ብዬ ግን አልምልም።

አያንቱዎች እርስ በርሳቸው አይስማሙም፣ ዛሬ ምን ቀን ነው ቢሏቸው ሁለት መልስ ይሰጣሉ የሚል ነቀፌታም ይሰማል። ይሰጣሉ። ደመና የሸፈነው ወር አለ፤ የመሸና ያላየ ሰው አለ። ግን ሥርዓቱ የተሠራው ስሕተት እንዳይኖር ሳይሆን ስሕተት እንዳይጠራቀም ነው። ሁለቱ ተከራካሪዎች በሚቀጥለው ጥርት ባለ ሌሊት አብረው ቀና ብለው ያያሉ፤ ጨረቃዋ ከበሳ አልፋ ከሆነ የአንዱ ቆጠራ ይወድቃል። ባለ 59 ጥርሱ ማርሽ ይህ ዳኛ የለውም፤ ስሕተቱን ይዞ በእርግጠኝነት ይዞራል።

መሣሪያውን ዛሬ የሚያስፈራው ምንድን ነው? ብዙ ሰው ሞባይል ይላል፤ ቀኑን በኪሱ የያዘ ወጣት ለምን ሰማይ ያያል ይላል። እኔ ስልኩን ሁለተኛ አደርገዋለሁ። የዘመን ቆጠራው የቆመው በኤላው ተራ ላይ ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚያናጋው ኤላውን የሚያናጋ ነው። ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በዓለም ባንክ ድጋፍ የተካሄደው የከብት ሀብት ልማት ሥራ፣ በደቡብ፣ ሶርዱ በሚባለው መሥሪያ ቤት በኩል፣ በክረምት ግጦሽ ቦታዎች ላይ በማሽን ትላልቅ ኩሬዎችን አስቆፈረ። ዓላማው ሣር ባለበት ውኃ ማድረስ ነበር፤ ውጤቱ ግን ቀድሞ በደረቅ ወራት ወደ ቱላ ይመለስ የነበረ መንጋ በዚያው እንዲሰፍር አደረገ። ኮፖክ በ1994 ያሳተመው የምርምር ጥናት የቦረና ሜዳ ግጦሽና የሕዝቡ አሰፋፈር እንዴት እንደተለወጠ በሰፊው ይዘረዝራል። ሞተር የተገጠመለት ጉድጓድ በመጣበት ቦታ ደግሞ የሰው ሰንሰለት ቀረ፣ ሰንሰለቱ ሲቀር ጉልበት ያዋጣ ሰው ስም ዝርዝር ቀረ፣ ተራው በነዳጅ ዋጋ ተተካ። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅት ሲጎድል የብዙ ቤተሰብ ከብት አለቀ፤ ዱብሉቅ ዳር የላስቲክ ጎጆ መንደር ተመሠረተ። ከብት የሌለው ሰው በየሦስተኛው ቀን የሚጠብቀው ተራ የለውም። ያኔ ነው የቀኑ ስም መጠራት የሚያቆመው፤ ስልክ ከመግዛቱ በፊት። ይህን የምለው ኩሬና ሞተር ክፉ ነው ለማለት አይደለም። 30 ሜትር ጉድጓድ ውስጥ ቆሞ መቅዳት የሚናፍቀው ከላይ ቆሞ ፎቶ የሚያነሣው ነው። የውኃ ፕሮጀክት ሲነደፍ ግን ከአባ ሄረጋው ጋር መነጋገር የውኃ ጉዳይ ብቻ አለመሆኑ ይታወቅ።

ዩኔስኮ በ2016 የገዳን ሥርዓት በማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሯል፤ በዚያ ስም የሚወጣው ጽሑፍ አብዛኛው ስለ ሥልጣን ርክክቡና ስለ ዲሞክራሲው ነው። ስለ አያንቱው ሥራ የሚነገረው እጅግ ጥቂት ነው። ራግልስ ላነሣቸው ችግሮች መልስ የሚሰጥ ፈተና ግን አሁንም ይቻላል፤ ውድም አይደለም። እንጦጦ ላይ አንድ አንድ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉን፤ ለዚህ ሥራ ግን እነርሱም አያስፈልጉም። አንድ ሥነ ፈለክ የተማረ ሰው ዱብሉቅ ላይ ከአያንቱዎች ጋር ሁለት ሦስት ዓመት ሌሊት ሌሊት ተቀምጦ፣ የቀኑን ስምና የጨረቃዋን ቦታ ጎን ለጎን ቢጽፍ፣ የሚጎድለውን 11 ቀን የሚያካክሰው ተጨማሪ፣ አሥራ ሦስተኛ ወር መቼና እንዴት እንደሚገባ ለመጀመሪያ ጊዜ በጥሩ ማስረጃ ይታወቃል። ያቤሎ ያለው ቦረና ዩኒቨርሲቲም ሆነ ቡሌ ሆራ ዩኒቨርሲቲ ይህን ሥራ ቢጀምሩት የሚያስፈልገው ደብተር፣ ደሞዝና ትዕግሥት ነው። ሥልጣን በአሬሮ ወረዳ ባዳሳ ላይ ለጉዮ ቦሩ የተላለፈው በ2025 ነው፤ ቀጣዩ ርክክብ በ2033 ይጠበቃል።